ለቤት የሚሆን የተማሪ ዴስክ፤ ከዋጋው በፊት ልኩ

ክረምቱ ወጥቶ የትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ፥ በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ መደብሮች ለልጁ የማጥኛ ጠረጴዛ የሚፈልግ ወላጅ ይበዛል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሚጠይቁት በትምህርት ቤት የሚያውቁትን፥ መቀመጫው ከገበታው ጋር የተያያዘውን ዴስክ ነው። ዕቃው ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ልጅም ወንበር እየጐተተ ወለል አይቧጭርበትም። ነገር ግን በትምህርት ቤት ልጁ ክፍል ሲለውጥ ዴስኩንም ይለውጣል፤ በቤት ግን ዴስኩ ባለበት ይኖራል፥ የሚያድገው ልጁ ብቻ ነው። ጥቂት ቈይቶ ጉልበቱ አልገባ ሲል፥ ወላጁ የሚያማርረው ልጁን ሳይሆን የሸጠለትን ነጋዴ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የልጁን ዕድሜ ሳይሆን ቁመቱን ነው። ኢ ኤን 1729 የተባለው የአውሮፓ የትምህርት ቤት ዕቃ ደረጃ፥ ቁመቱ ከ119 እስከ 142 ሳንቲሜትር ለሆነ ልጅ 59 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ገበታና 35 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫ ይመድባል፤ ከ146 እስከ 176 ለሚደርሰው ግን 71 እና 43 ያደርገዋል። ተራው የምግብ ጠረጴዛ 75 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ትንሽ ልጅ በእርሱ ላይ ሲጽፍ ትከሻውን ወደ ጆሮው ቢያነሣ አያስደንቅም። ልጁ ከወላጁ ጋር መጥቶ እንደ ሆነ ይቀመጥበትና ይታይ፤ ሙሉ እግሩ ወለሉን ከረገጠ፥ ክርኑም ትከሻው ሳይነሣ በገበታው ላይ ካረፈ፥ ልኩ ነው።

ስለ ገበታው ዓይነት ብዙ መከራከር አያሻም። ኤም ዲ ኤፍ ፊቱ ያማረ፥ ጠርዙ ግን ደካማ ነው። ጠርዙ በሚገባ ካልተሸፈነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ በተለይ እግሩም ከዚያው የተሠራ ከሆነ ወለል በተወለወለ ቊጥር ይጐዳል። ብሎኑም ተፈትቶ ሲመለስ እንደ ቀድሞው አይጨብጥም። እግሩ ብረት፥ ገበታው ብቻ ኤም ዲ ኤፍ ወይም ኮምፔልሳቶ የሆነው ይሻላል።

አስመጪው ተፈታቶ በካርቶን የሚታሸገውን ቢያዝ በአንድ ኮንቴይነር ብዙ ይጫንለታል፤ ትርፍ ብሎን አብሮ ማዘዝን ግን አይርሳ። ይህ ሁሉ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። የሰፈር ብረት ሠሪ አንዱን ቱቦላሬ በሌላው ውስጥ አስገብቶ፥ በገበታው እግር ላይ በ6፥ በመቀመጫው እግር ላይ በ4 ሳንቲሜትር ርቀት ሦስት ሦስት ቀዳዳ ቢበሳ፥ ገበታው 59፥ 65 እና 71፤ መቀመጫው ደግሞ 35፥ 39 እና 43 ላይ ይቆምለታል።