ሞምባሳ፦ የድንጋይ ምሽግና የአንዲት እናት መቃብር

ውድ አንባቢ፣ ሞምባሳ ሲባል ምን ትዝ ይልዎታል? የሕንድ ውቅያኖስ፣ ነጭ አሸዋና የኮኮነት ዛፍ? ይህች የኬንያ የወደብ ከተማ ከዚህ በላይ ታሪክ አላት። ታሪኳም ከአገራችን በተነሡ አንድ ባልና ሚስት እንባ የራሰ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን ያውቃሉ?

• ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 በከተማይቱ ታላቅ ምሽግ ሠርተው «ፎርት ጂሰስ»፣ ማለትም የኢየሱስ ምሽግ አሉት። ስሙ የሰላም አለቃ ስም፣ ሥራው ግን የመድፍ ነበር። የኦማን ዐረቦች ከ1696 እስከ 1698 ከበው ያዙት። ዛሬ ሙዚየም ነው።

• «ስዋሂሊ» የሚለው ስም የመጣው የባሕር ጠረፍ ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው።

• የጠረፉ ሴቶች የሚለብሱት ካንጋ የተባለ ጨርቅ ጫፉ ላይ ምሳሌያዊ አባባል ይጻፍበታል። ሚስት በአፏ መናገር የከበዳትን በልብሷ ትናገራለች!

ከአንኮበር እስከ ሞምባሳ

ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አገልግሏል። በ1842 ግብፅ ውስጥ ሮዚን ዲትሪክን አገባ። ወደ ሸዋ መመለስ ግን ተከለከለ። ጥንዶቹ በሌላ መንገድ፣ ከምጽዋ በኩል ለመግባት ሲሞክሩ የመጀመሪያ ልጃቸው ያለ ጊዜዋ በበረሃ ተወልዳ ሞተች። አባቷ ያወጣላት ስም በገዛ ቋንቋችን ነበር፦ «እንባ»።

በ1844 ሞምባሳ ገቡ። ሮዚን ሁለተኛ ሴት ልጇን በወለደች በቀናት ውስጥ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ በወባ ንዳድ ዐረፈች። ሕፃኗም ተከተለቻት። ክራፕፍ ራሱ ታሞ ሳለ ከደሴቲቱ ማዶ ቀበራቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ክራፕፍ ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም። በዚያው ዓመት የጀመረውን የስዋሂሊ ትርጉም ሥራ ቀጠለ። በ1846 ከባልደረባው ዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ ጣቢያ ከፈተ። ያዘጋጀው የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1882 ነው። ከመቃብሩ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በ1875 ፍሬርታውን የተባለ ነጻ የወጡ ባሪያዎች መንደር ተቋቋመ። ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ ማስጠንቀቂያ ይሰጥበት የነበረው ደወል ዛሬም በዚያ አለ። ሰፈሩም በደወሉ ስም ኬንጌሌኒ ይባላል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ በጋራ የዘራችሁት ዘር በእንባ ብቻ የተቀበረ መስሎ የታያችሁ ጊዜ አለን? ምናልባት ልጅ ቀብራችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም የጸለያችሁበት በር ተዘግቶ ይሆናል። ሐዘናችሁን አትደብቁ፤ ክራፕፍም የልጁን ስም «እንባ» ከማለት አላፈረም። ነገር ግን ዛሬ ማታ ዮሐንስ 12፥24ን አብራችሁ አንብቡና እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። በምሽጉ የነገሡት ሁሉ አልፈዋል። በመሬት የወደቀችው የስንዴ ቅንጣት ግን ዛሬም ታፈራለች።