ዕቃን ሳይጭኑ የማሳየት ትምህርትና የዋግ ነጋዴ

በሰቆጣ የሚነግድ ሰው ከባድ ዕቃ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ባስመጣ ጊዜ፣ ትርፉን ከሚያሳንሱበት ነገሮች አንዱ የጭነት ኪራይ መሆኑ የታወቀ ነው። ቁም ሣጥኑ ወይም አልጋው በደጋው መንገድ ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ከገዢው ክፍል ልክ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ ኪሳራው ድርብ ይሆናል። ይህን ኪሳራ አስቀድሞ ለመከላከል የሚረዳ ሙያ በውጭው ዓለም ተስፋፍቷልና፣ ትምህርቱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ለነጋድያን ይጠቅማል።

ሙያው ሁለት ወገን አለው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ዐይንን በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ተመልካቹን በሌላ ሥፍራ ያለ ያስመስለዋል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ግን በፊቱ ባለው እውነተኛ ሥፍራ ላይ በኮምፒዩተር የተሠራ ምስል ይጨምርለታል። ሐሳቡ የቈየ ነው፤ አሜሪካዊው ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1968 አቅርቦ ነበር። ወደ ተራው ሰው ስልክ በሰፊው የገባው ግን አፕል ኤአርኪት የተባለውን መሣሪያ በ2017፣ ጉግልም ኤአርኮር የተባለውን በ2018 ካወጡ ወዲህ ነው። በዚያው በ2017 ኢኬያ የተባለው የቤት ዕቃ ኩባንያ፣ ገዢው ወንበሩንና ጠረጴዛውን በገዛ ክፍሉ ውስጥ በስልኩ አስቀምጦ የሚያይበትን ፕሮግራም አወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስልኩ ካሜራና የእንቅስቃሴ መለኪያው ተባብረው ወለሉንና ርቀቱን ይገምታሉ፤ ፕሮግራሙም የዕቃውን ምስል በልኩ በዚያ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ተማሪው በቅድሚያ የፕሮግራም አጻጻፍን መሠረት፣ ለምሳሌ ዩኒቲ በተባለው መሥሪያ የሚያገለግለውን ሲ ሻርፕን ይማራል። ቀጥሎም ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ያለውን ምስል መሥራትና ማዞር፣ በመጨረሻም ሥራውን በስልክ ላይ መፈተን ይለማመዳል። ለጀማሪ መነጽር መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን አሠራር የማይቀበሉ ስልኮች ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት መመርመር ያሻል።

በአገራችንም በር ተከፍቷል። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር፣ የአንድሮይድ ፕሮግራም አሠራርን ጨምሮ መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ይህ ራሱ ከላይ የተነገረው ሙያ ባይሆንም፣ ወደ እርሱ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ለዋግ ኽምራ ጥቅሙ በቤት ዕቃ ብቻ አይወሰንም። በሰቆጣ አጠገብ ያለውን ከአለት የተፈለፈለ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በመነጽር ከሩቅ ያየ ጎብኚ በአካል ለመምጣት ይነሣሣ ይሆናል፤ ከመጣም ባለ ሆቴሉና ባለ ሱቁ ይጠቀማሉ። ሆኖም የማርን ጣዕም ስልክ አያቀምስም፤ የፍየልም ጤና በምስል አይዳሰስም። ለእነዚህ ዛሬም የሚያስፈልገው የሻጩ ቃል ነው።

ስለ ሆነም ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ ወይም ጸሐፊ በሱቁ ያለው ነጋዴ፣ አንድ ኮምፒዩተርና በቀን ጥቂት ሰዓት ቢፈቅድለት ወጪው ከጭነት ኪሳራ ጋር ተመዛዝኖ የሚታይ ነው። ተማሪው ግን ከሁሉ በፊት ዕቃውን በሜትር ለክቶ መመዝገብን ይልመድ። ልኩ የተሳሳተ ምስል ገዢውን እንደ ሐሰተኛ ሚዛን ያታልላልና፤ በሐሰተኛ ሚዛን የሸጠ ነጋዴ ደግሞ ደንበኛውን ሁለተኛ አያገኘውም።