በትክል ድንጋዮች ምድር የሩጫ መስመር መንደፍ፦ የጌዴኦ ተረተሮችና የእግር መንገዶቻቸው



ንግግሬን ከጌዴኦ ርቆ ከሚገኝ አንድ ጎዳና ልጀምር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ ያመለጠው፣ በዚያን ዘመን በሮም አደባባይ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አቅራቢያ ነበር። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መስመሩን አስቀድመው ሲቃኙ ያንን ቦታ ለመጨረሻው ግስጋሴ መነሻ አድርገው እንደ መረጡት ይነገራል። ለጎብኚ መድረሻ የሆነው ድንጋይ ለሯጭ የመለኪያ ምልክት ነው፤ «እዚህ ስደርስ እጨምራለሁ» ብሎ ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ነው።

ይሁንና ያ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደና በተነጠፈ የከተማ መሬት ላይ የተተከለ ነበር። በአጠገቡ ሺህ ሰው ቢሮጥ የሚጎዳው ነገር አልነበረም። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ግን ዛሬም የሚገኙት ቀዳሚዎቹ ሰዎች በተከሉበት ምድር ነው፤ የያዛቸውም አፈር ብቻ ነው። በዙሪያቸው ማሳ አለ፣ ቤት አለ፣ ሰው አለ። ስለዚህ ዛሬ የማስረዳው፣ በዚህ ምድር የሩጫ መስመር የሚነድፍ ሰው የሯጩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የመሬቱን አቅምም አብሮ ማስላት ያለበት ለምን እንደ ሆነ ነው።

አቀማመጡን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አያይዞ ያልፋል። ምድሩ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ያረፈ ነው፤ ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ቡሌ የሚወጣው ደጋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አንድ ሯጭ ማለዳ ቡና ከሚለቀምበት ወይና ደጋ ተነሥቶ፣ ረፋድ ላይ ገብስ ከሚበቅልበት ብርድ ሊደርስ ይችላል። በመካከሉ የሚያልፈው በጌዴኦ ጥምር ግብርና ውስጥ ነው፦ ከላይ ረጃጅም አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ማሳው፣ የተቀደሰው ደንና ትክል ድንጋዩ በአንድነት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትክል ድንጋዮቹ በብዛት የሚገኙት በተረተሮቹ ላይ ነው። በጌዴኦ ከ60 በላይ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች እንዳሉና የድንጋዮቹ ብዛት 10,000 ገደማ ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ከዲላ–ይርጋጨፌ መንገድ ተገንጥለው የሚደረስባቸው ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት ናቸው። በቱቱ ፈላ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ይታያሉ፤ በጨልባ ቱቱቲ ደግሞ ረጃጅም፣ አብዛኞቹም የወደቁ፣ የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸው ዓምዶች አሉ። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሳካሮ ሶዶ የተባለው ስፍራ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህም ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው ወደ 1,000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚገፋ ነው። በዚያው ጥናት ከስፍራው የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሰሜን ኬንያ የመጡ መሆናቸው ታውቋል።

በእኔ ግምት ይህ የባልጩት ነገር ከዕድሜው ይልቅ ለርእሳችን ይቀርባል። ባልጩቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ይምጣ ወይም አንድ ነጋዴ ተሸክሞት ይምጣ፣ የመጣው በእግር ነው። በገደላማ አገር እግረኛ ተረተርን ይመርጣል፤ ውኃ አይቆምበትም፣ ሸለቆ ወርዶ መውጣትን ያስቀራል፣ ሩቅ ያሳያል። ሯጭም በዚሁ ምክንያት ተረተርን ይወድዳል። ትክል ድንጋዩና የሯጩ ፍላጎት በአንድ መስመር ላይ መገናኘታቸው መልካም አጋጣሚ ቢመስልም፣ ጥንቃቄ የሚያሻውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ ስሌት እንግባ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ለተራራ እግረኞች አንድ ቀላል ደንብ ትቶልናል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ደንብ 100 ሜትር ሽቅብ መውጣት 800 ሜትር ያህል ሜዳ ከመሄድ ጋር ይስተካከላል። እንግዲህ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው የጌዴኦ መስመር፣ በካርታ ላይ አጭር ቢመስልም፣ ለእግር 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በይርጋጨፌ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው።

ቁልቁለቱስ? አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደለኩት፣ ለሯጭ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቀው ቁልቁለት በመቶ 20 ያህል ተዳፋት ያለው ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣው ኃይል በሜዳ ከሚወጣው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ይበልጥ ሲያዘቀዝቅ ግን ወጪው መልሶ ይጨምራል፣ ሯጩ ራሱን ለመግታት ስለሚገደድ። የጭን ጡንቻ እየተሳበ ስለሚሠራ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። ልማዳችን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስለ ጭናችን እናወራለን እንጂ ስለ መሬቱ አናስብም። ያ መግቻ ተረከዝ የሚያርፈው በአፈር ላይ ነው። የጌዴኦ ቀይ አፈር በእንሰትና በዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ እስካለ ድረስ በዚያ ሁሉ ተዳፋት ላይ ይጸናል፤ ቅጠሉ ተገፍፎ አፈሩ በጫማ ከተጫረ ግን የመጀመሪያው ዶፍ ቦይ ያወጣበታል። ቦዩ ወደ ትክል ድንጋይ ሥር ከደረሰ ድንጋዩን የያዘው አፈር ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ የምመክረው የመስመር አቅጣጫ፣ ሯጮች ከለመዱት ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ሽቅቡ በእግር መንገድ፣ ቁልቁለቱ ግን መኪና በሚሄድበት በጠነከረው መንገድ ይሁን። ሽቅብ የሚወጣ ሰው እርምጃው አጭር ነው፣ አፈር አይጭርም፤ ተረተሩ ላይ ሲደርስም አብዛኛው ሰው እየተራመደ ነው። ትክል ድንጋዮቹ ያሉት እዚያው ስለ ሆነ፣ ከስፍራው በፊትና በኋላ ምልክት ተተክሎ በመካከሉ ያለው ርቀት ሰዓት የማይያዝበት ይሁን። ሩጫው ይቆማል፣ ሰው በእርጋታ በዳር በኩል ይሻገራል፤ በድንጋዮቹ መካከል ማለፍ አይኖርም። ውጤት ይበላሻል የሚል ቅሬታ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ክብረ ወሰን የሚፈልግ ጃን ሜዳ አለለት።

በእንጦጦ የሚሮጡ ወገኖች ይህ ሁሉ ምንድን ነው ሊሉ ይችላሉ፤ እነርሱ በእንጦጦ ማርያምና በምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ በነጻነት ይሮጣሉና። ነገር ግን የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የማንም ጓሮ አይደለም። በጌዴኦ ገጠር የሕዝቡ አሰፋፈር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በእንሰት መካከል የምታልፈው ቀጭን መንገድ የአንድ ቤተሰብ ደጃፍ ናት። ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልሁት ይህን ነበር፤ የተመዘገበው ቅርስ ራሱ ማሳው ነውና ሯጩ ገና ከአስፋልቱ እንደ ወጣ ቅርሱ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ካርታው ከመሣሉ በፊት የሚጠየቁት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለ ማሳው ነው። ሁለተኛው የአካባቢው አባቶች ናቸው፤ ትክል ድንጋዮቹንም ሆነ ሥርዓት የሚፈጸምባቸውን ደኖች ሲጠብቁ የኖሩት እነርሱ ስለ ሆኑ። የተቀደሱትን ደኖች በሚመለከት ድርድር አያስፈልግም፣ መስመሩ ከሩቁ ይዞር። ወቅቱንም ቢሆን እነርሱ ይንገሩን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቡና ይለቀማል፣ መንገዱ በሸክም ይጨናነቃል፣ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ይሞላሉ፤ በበልግና በክረምት ደግሞ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል። የሚቀረው ጥርና የካቲት ነው፤ የመጀመሪያው የሙከራ ጉዞም በጥር፣ ያለ ሰዓትና ያለ ቁጥር፣ ከአካባቢው ሰው ጋር በእግር ቢደረግ እመርጣለሁ።