ዳገት የማይፈትነው ልብ

መንዝ ውስጥ የልብን ድካም ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ዳገት ነው። ሳያርፍ ይወጣው የነበረውን አቀበት ሁለት ሦስቴ እየቆመ የወጣ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበት ይገባዋል። ዱሼን የተባለው የጡንቻ መመንመን በሽታ ያለበት ልጅ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም።

በሽታው የሚመጣው ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ሲበላሽ ነው። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ የሚጠቁት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ማገር ግድግዳን እንደሚያጸና፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ ፕሮቲንም የጡንቻን ሕዋስ ሽፋን ያጸናል። እሱ ከሌለ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይጎዳል፤ ቦታውንም ጠባሳና ስብ ይወርሰዋል። ብዙዎቹ ልጆች 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው መራመድ ያቆማሉ። ልብም ጡንቻ ነውና አይተርፍም። ተቀምጦ የሚውል ልጅ ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ስለሌለው የልቡ ድካም ተደብቆ ይቆያል።

ሰውነት ላይ የሚታሰሩና የሚለጠፉ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሠራው ተንቀሳቃሽ የልብ መቅጃ 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በጀርባ የሚታዘል ነበር። ዛሬ ደረት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ የልብን ኤሌክትሪክ ለቀናት ይመዘግባል። ስማርት ሰዓት ደግሞ ወደ ቆዳ አረንጓዴ ብርሃን እየላከ፣ ደም ምን ያህሉን እንደዋጠው እያነበበ ምት ይቆጥራል። የሰዓቱ የእርምጃ ቆጠራ መራመድ ላቆመ ልጅ አይጠቅምም፤ የሌሊቱ የልብ ምት ግን ብዙ ይናገራል። ዱሼን ያለባቸው ልጆች ልብ በእረፍት ጊዜም ከእኩዮቻቸው ፈጠን ይላል። ምቱ ከልጁ ልማድ በላይ እየጨመረ ከሄደ ወይም ከተዛባ ምርመራ ያሻዋል።

መሣሪያው የሚያሳየው የደም ኦክስጅን ቁጥርም በጥንቃቄ ይነበብ። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ደክመው ሊሆን ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብም ይችላል።

ሰዓት የልብን ደም የመርጨት አቅምም ሆነ ጠባሳውን አያይም፤ ለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በሽታው እንደታወቀና ከዚያም በየዓመቱ ልብ እንዲመረመር፣ የልብ መድኃኒትም ምልክት ሳይጠበቅ እስከ 10 ዓመት ዕድሜ እንዲጀመር ይመክራሉ። በመሐል ሜዳ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ያላችሁ ወላጆች፣ ስማርት ሰዓት ባይኖራችሁ ልጁ ሲያርፍ የእጁን አንጓ ይዛችሁ ምቱን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ በደብተር ጻፉት፤ ለሐኪሙም አሳዩት። ዓመታዊውን የልብ ምርመራ ግን ልጁ ደህና ቢመስልም አትዝለሉት።