ጤና አዳም ሽታውን የት ያስቀምጣል?

አንድ የጤና አዳም ቅጠል ቀንጥሱና ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። በአዲሎም ሆነ በሆሳዕና ከተማ ሲኒ ላይ ጣል የምትደረገው ዘለላ መዓዛዋ ከእነዚህ ነው፤ የቡናው ትኩሳት ዘይቱን ያወጣዋል። ጀበና ውስጥ አብሮ ቢፈላ ግን ብዙው ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል። ስለዚህ ሲኒው ላይ መጨመሩ ትክክለኛ ብልሃት ነው።

ተክሉ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ ግንዱ ከሥሩ እንጨት እየሆነ ይሄዳል፤ አበባው ቢጫ ሲሆን የአበባው ጠርዝ እንደ ነጠላ ጫፍ ዘርፋማ ነው። ክረምት ከበጋ ቅጠሉን አያረግፍም። ፍሬው ሲደርቅ በርበሬ ውስጥ ይገባል።

መነሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ ፀሐይ የበዛበት ድንጋያማ ተዳፋት ነው። በከምባታ የእንሰት ጓሮ ሲተከል ችግር የሚገጥመው በዚህ ነው። እንሰት ፍግና እርጥበት ይወዳል፤ ጤና አዳም ውሃ የተኛበትን መሬት አይችልም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። በእንሰት ቅጠል ጥላ ሥር ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ይሳሳል። ቦታው የጓሮው ዳር፣ ከፍ ያለ መደብ ነው። ከዘር ይበቅላል፤ ገና እንጨት ካልሆነ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን አራግፎ መትከል ግን ይፈጥናል። ሲያረጅ ጫፉን ከርክሙት፤ ቅጠል እስከሌለው አሮጌ ግንድ ድረስ ከወረዳችሁ ላያቆጠቁጥ ይችላል።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ጭማቂው ነው። ውስጡ የፀሐይን ጨረር የሚስብ ንጥረ ነገር አለ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካረፈበት ያቃጥላል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ብዙ ሰው ከተክሉ ጋር አያያይዘውም፤ ቆዳው የሚቀላውና ውሃ የሚቋጥረው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥቁረቱም ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ብዙ የምትቆርጡ ከሆነ ፀሐይ ስትበርድ ቁረጡ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ቅጠሉን ጨቅጭቆ የሕፃን ገላ መቀባትና ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ጭማቂውን ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፤ ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል።