ስለ መንዝ ጓሳ ሣርና በውስጡ ስለሚኖሩ አራዊት አጠባበቅ

በሰሜን ሸዋ በመንዝ አገር ጓሳ የሚባለው ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ብርዳም ስፍራ ነው። ስሙም የጓሳ ሣር ስለሚበቅልበት ነው። የመንዝ ባላገር በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ለዝናብም ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ለከብቱ መጠጊያ ይሆነዋል።

ይህን ሀብት አባቶች ያለ ሥርዓት አልተዉትም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የተወለዱት ባለርስቶች ቀሮ በሚባል ሕግ ይጠብቁት ነበር። ስፍራው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ በመረጡት አለቃ ትእዛዝ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባም ተመልሶ ይዘጋል። በተዘጋበትም ዘመን አባወራዎቹ በየተራ ይጠብቁታል።

ሣሩ በመጠበቁ አራዊቱም አብረው ተጠበቁ። ጭላዳ ሣር እየነጨ የሚኖር፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የአገራችን ብቻ ሲሆን፥ በዓለም የቀረው ጥቂት መቶ ነው። ምግቡ የሜዳ አይጥ ስለ ሆነ ለአዝመራ ረዳት እንጂ ጠላት አይደለም። ሊቃውንት በጓሳ እንደ መረመሩት፥ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የጭላዳ ግልገሎችን እምብዛም ሳይነካ ከመንጋው ጋራ በሰላም ይውላል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የባለርስቶቹ ሥልጣን ቀረ፤ ቀሮም ፈረሰ። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ባላገር ቀድሞ የተከለከለውን መብት ማግኘቱ ትክክል ነበረ። ነገር ግን የሚዘጋና የሚከፍት አለቃ ስለ ጠፋ፥ ሣሩ ያለ ጊዜው ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ሕዝቡም ጉዳቱን ባየ ጊዜ ከየቀበሌው ሰዎችን መርጦ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋመ፤ የአማራ ክልል መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. ጓሳን የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ሁሉ ከዚህ ሊማሩ ይገባል። የወል ሣር ባለበት ስፍራ መዝጊያውና መክፈቻው ቀን በባላገሩ ምክር ይወሰን፤ ጠባቂዎቹም የታወቁ ይሁኑ። ድኻው ከድርሻው እንዳይጐድል፥ ባለብዙ ከብቱም ቀኑን እንዳይጥስ ሹሙ ተግቶ ይመልከት። አሮጌው ሥርዓት በተሻረበት ቀን አዲሱ ካልተተካ፥ የብዙ ዘመን ጥበቃ በጥቂት በጋ ይጠፋልና።