ኢቲ፦ የሬዲዮ የጥሪ ፊደላችን

ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ የድሮ ሬዲዮ ከተነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ዕቃው ያዘነብላል። የቆዳ ማኅደሩ፣ እየተሳበ የሚረዝመው አንቴና፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣው የባትሪ ድንጋይ፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ ልጅ አጠገቡ እንዳይደርስ የሚቆጣው አባወራ ይነሣሉ። ጣቢያዎቹም በስም ይጠራሉ፤ አዲስ አበባ፣ ብሥራተ ወንጌል፣ የጀርመን ድምፅ። ጣቢያዎቹ ከስማቸው ሌላ መታወቂያ እንደነበራቸው ግን የሚያነሣ ሰው አይገኝም። የምጽፈው ስለዚያ መታወቂያ ነው። ከሬዲዮ ታሪካችን ውስጥ የዚህን ያህል የተናቀ፣ የዚህንም ያህል እውነት የሚመሰክር ነገር አላውቅም።

የጥሪ ፊደል አንድን ማሰራጫ በዓለም ካለው ማሰራጫ ሁሉ የሚለይ የፊደልና የቁጥር ጥምር ነው። መነሻው አገሩን ይናገራል፣ ተከታዩ ጣቢያውን። ድልድሉን የሚይዘው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ «ኢቲ» ሲሆን ኋላ ላይ «9ኢ» እና «9ኤፍ» ተጨምረውላታል። ለመግቢያ ይህ ይበቃል።

መጀመሪያ ላይ ፊደሉ የአገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ የምትጠራው «ኤምጂዋይ» ተብላ ነበር፤ «ኤም» የማርኮኒ ኩባንያ ምልክት ነው። ባሕሩን የሚያቋርጥ ብዙ መርከብ በአገሩ ሳይሆን ሬዲዮውን ባከራየው ኩባንያ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። መንግሥታት ይህን አልወደዱትም፤ በተከታታይ ጉባኤዎች ፊደሉን ከኩባንያ እጅ አውጥተው ለየአገሩ አከፋፈሉት። እ.ኤ.አ. በ1927 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ጉባኤ የወጣው ሰንጠረዥ ዛሬም የምንሠራበት መሠረት ነው፤ «ኢኤስ» ለኢስቶኒያ፣ ቀጥሎ «ኢቲ» ለኢትዮጵያ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ የሚጠራው በገዢዎቹ ፊደል ነበር። የራሳቸውን ፊደል ከያዙት ጥቂቶች አንዷ እኛ ነን።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የሬዲዮ ሰዎች ያን ጊዜ የሚነጋገሩት በሞርስ ነው፤ ፊደል ሁሉ በነጥብና በጭረት ይመታል። «ኢ» አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ «ቲ» አንዲት ጭረት ብቻ። ከሁለቱ ያነሰ ፊደል በሞርስ ውስጥ የለም። ስለዚህ የኢትዮጵያ መጠሪያ ዲት፣ ዳ ብሎ ያበቃል፤ በዓለም ካሉት የአገር ፊደሎች ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው። አጭርነቱ ግን ጣጣ አለው። በነጥቧና በጭረቷ መካከል ትንፋሽ ካልተሰጠ ሁለቱ ተጣብቀው «ኤ» የሚባለውን ሌላ ፊደል ይሆናሉ። እጁ የቸኮለ መቺ አገሩን በአንድ ፊደል ያጠፋታል ማለት ነው። ጥሩ ኦፕሬተር የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው የሚል አለ፤ እኔ ግን በዚያች ባዶ ቦታ ነው የምለው። ዲት፤ ትንሽ ዝምታ፤ ዳ። ሞርስ የሚማር ወጣት ካለ ከረጅሞቹ ፊደሎች በፊት እሷን ዝምታ ይለማመድ።

በዚህ ፊደል አዲስ አበባ ዓለምን የጠራችው ከአቃቂ ነው። የአጭር ሞገድ ጣቢያው በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ፤ የተከለው አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ አጭር ሞገድ የሚያሳድዱ አድማጮች በየወሩ በሚያነቡት የጣቢያ ዝርዝር ላይ «ኢቲኤ» እና «ኢቲቢ»፣ አዲስ አበባ፣ ተብሎ ይታይ ጀመር። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ የጣልያን ወረራ ሲቃረብ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ የተሰማው ከዚያው ከአቃቂ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የታተሙትን ዝርዝሮች ያየ ሰው ወረራውን በፊደል ያነበዋል፤ የአዲስ አበባ ጣቢያዎች «አይዩሲ» እና «አይዩጂ» ሆነዋል። «አይ» የጣልያን ፊደል ነው። ከተማው ያው አዲስ አበባ፣ የሚጠራው ግን በሮም ስም። ወራሪው ሰንደቅ ዓላማ እንደቀየረ በየታሪክ መጽሐፉ እናነባለን፤ አየር ላይ ያለውን ፊደልም መቀየሩን የሚጽፍልን ግን አላጋጠመኝም። ፊደሉ በማሰራጫው ላይ ሲቀየር በላይ ዘለቀ በቢቸና ምድር ለጣልያን አልገዛም ብሎ ሸፍቶ ነበር። ጎጃም ውስጥ የጣልያን ፊደል ያልገዛው አየርም ነበረ፤ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ከሱዳን የገባው የእንግሊዛዊው መኮንን የሳንድፎርድ ተልዕኮ ከካርቱም ጋር የሚገናኝበት ሬዲዮ ተሸክሞ መጥቷል። የጦር ሜዳ ሬዲዮ መጠሪያ ግን ጠላት እንዳያውቀው ተብሎ የሚቀያየር ስለሆነ ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ አይተርፍም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ «ኢቲ»ም ወደ አየሩ ተመለሰ።

እኔ ራሴ «ኢቲ»ን በወረቀት ላይ ያየሁት ቢቸና ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ጋሼ ከሣጥን ውስጥ አንድ የድሮ የትምህርት ደብተር አወጡ፤ በገጾቹ መካከል የፖስታ ካርድ የሚያህል ወፍራም ወረቀት ተኝቷል። አንዱን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች። ቀንና ሰዓት በእጅ ተጽፎበታል፣ አጠገቡ የሞገዱ ቁጥር፣ ከላይ በትልቁ በላቲን ፊደል «ኢቲኤልኤፍ»።

«ጋሼ፣ ይቺ ምን እንደሆነች ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ብሥራተ ወንጌል የላኩልኝ ነዋ! ጥራታችሁ እንዲህ ነው ብዬ ብጽፍላቸው መለሱልኝ።»

«ፊደሎቹንስ?»

«እኔማ የፖስታ ሣጥናቸው መስሎኝ ኖሯል፣ ልጄ።»

የፖስታ ሣጥን አይደለም። ብሥራተ ወንጌል የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው ጣቢያ ነው፤ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መረቁት። ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ከአማርኛ ሌላ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። መጠሪያው «ኢቲኤልኤፍ» ሲሆን «ኢቲ» የአገሩ፣ «ኤልኤፍ» የሉተራን ፌዴሬሽኑ ነው። ለዚህ ነው ይህን መጠሪያ አብልጬ የምወደው፤ ገንዘቡ ከውጭ፣ አድማጩ በሁለት አህጉር፣ ከፊት የቆመው ግን የኢትዮጵያ ፊደል። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ከዚያ ቀን በኋላ «ኤልኤፍ» ትርጉም አልነበረውም።

አሥመራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነበር። በቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች ለራሳቸው ሰው የሚያሳዩት ቴሌቪዥን «ካኑ» ይባል ነበር፤ በላቲኑ ሲጻፍ መነሻው የአሜሪካ ጣቢያዎች «ኬ» ነው። መሬቱ ያን ጊዜ በእኛ ወሰን፣ ፊደሉ በእነሱ። የጦር ሰፈሩን ነገር ብዙ ገጽ ከሚፈጅ ትንታኔ ያቺ «ኬ» በአጭሩ ትናገረዋለች።

አማተሮቹን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። አማተር የሚባሉት በራሳቸው ሬዲዮ ከዓለም ዙሪያ ጋር ለፍቅሩ ብቻ የሚነጋገሩ ናቸው። የኢትዮጵያ አማተሮች መጠሪያ «ኢቲ3» ብሎ ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ 5 ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የማኅበራቸው ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ነው። «ኢቲ2» ደግሞ የኤርትራ ነበረ። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር በሚይዘው የአገሮች መዝገብ ኤርትራ ለብቻዋ የምትቆጠረው እስከ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ድረስና ከግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ወዲህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር የነበረችበት ፌዴሬሽን የፈረሰበት ነው፤ ሁለተኛው የኤርትራ ተዋጊዎች አሥመራ የገቡበት። በመካከሉ ከቃኘው ይሠራ የነበረው የአሜሪካኖቹ አማተር ጣቢያ መጠሪያ «ኢቲ3ዩኤስኤ» ነበር፤ ቁጥሯ የአዲስ አበባን ይዛለች። ለጨዋታ ብለው የያዙት መዝገብ የፖለቲካችንን ሁለት ቀኖች ሳያዛንፍ አስቀምጧል። ዛሬ ኤርትራ «ኢ3» የሚል የራሷ ፊደል አላት።

አሁን ደግሞ ስሰማው የሚያንገበግበኝ ስሕተት። «ኢቲ ማለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው» ይባላል። ሞጣም ሰምቼዋለሁ፤ ሞጣ ላይ መስማቴ ይበልጥ የቆጨኝ ከተማዋ ድሮ አውሮፕላን የሚያርፍባት ስለነበረች ነው። ሜዳዋ በአየር መንገዶች ማኅበር መዝገብ ውስጥ «ኦቲኤ» የሚል ኮድ አላት። ሽማግሌዎቹ አቧራ እያስነሣ ሲያርፍ ያዩት አውሮፕላን ጎኑ ላይ «ኢቲ» ተጽፎበት ነበርና ከአየር መንገዱ ጋር ቢያያይዙት አይገርምም። ግን ሁለት «ኢቲ» አለ፤ መለየት አለባቸው።

አንደኛው በትኬት ላይ ከበረራ ቁጥሩ በፊት የሚጻፈው ነው። ይህ የአየር መንገዱ ኮድ ነው፤ ከሞጣው «ኦቲኤ» ጋር ከአንድ መዝገብ የወጣ፣ ለትኬትና ለሻንጣ የሚያገለግል። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ገላ ላይ፣ ወደ ጭራው አካባቢ፣ ከጭረት ጋር የተጻፈው ነው። እሱ የሬዲዮ ፊደል ነው። የአውሮፕላን ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ላይ ሥርዓት ሲበጅለት ታርጋውና የሬዲዮ መጠሪያው አንድ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተነሣው፤ በኋላም የአገር ፊደሉ ከሬዲዮው ሰንጠረዥ ተወሰደ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች አንዱ ላይ «ኢቲ-ቲ-1» ተጻፈ፤ አቃቂ «ኢቲ» ብሎ ከተጣራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ቀዳሚው ማን እንደሆነ ዘመኑ ይመሰክራል።

ለሚጠራጠር ሌላ ማስረጃ አለ። በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ገላው ላይ «ኢቲ» አለበት። አየር መንገዱ ከውጭ የተከራየው አውሮፕላን ደግሞ ትኬቱ «ኢቲ» እያለ ገላው ላይ የሌላ አገር ፊደል ሊኖረው ይችላል። በሚቀጥለው ጉዞዎ ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት ቀና ብለው ጭራው ጋ ያለውን ይዩ። አብራሪው ፊደሉን አንድ በአንድ በሬዲዮ ማንበብ ቢኖርበት «ኤኮ፣ ታንጎ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ በሞርስ ዲት፣ ዳ የነበረችው እሷው ናት።

ዛሬ ጣቢያ የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ሸገር 102.1፣ ባሕር ዳር 96.9። ቁጥሩ ለማግኘት ይመቻል፤ አልቃወምም። ነገር ግን ያው ቁጥር በሌላ ከተማ የሌላ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ የጥሪ ፊደል ግን በዓለም ላይ አንድ ነው። አንዳንድ አቅራቢዎችማ ቁጥሩንም፣ ከተማውንም፣ ስሙንም ሳይናገሩ ረጅም ሰዓት ይጨዋወታሉ፤ በመንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ማንን እንደሰማ ሳያውቅ ይወርዳል። አድማጭን ማክበር የሚጀምረው ማን እንደሆኑ ከመናገር ነው። የሬዲዮ ደንብም ከድሮ ጀምሮ ጣቢያ ራሱን እንዲያስታውቅ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ቢቸናም ሞጣም፣ ደብረ ማርቆስም ያላችሁ፣ የአባታችሁን ሣጥን ስታጸዱ የጣቢያ ካርድ፣ ፖስታ ወይም በላቲን ፊደል የተጻፈበት ያልገባችሁ ወረቀት ብታገኙ ለማንደጃ አታድርጉት። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ መቼና የት ሆነው እንደሰሙ ጠይቁና በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ካርዱ ላይ ራሱ ግን አትጻፉበት።